ከፍ ያለ መኪና ማንን ያድናል?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ አባወራ ወዳጆቹን ቢያማክር ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ከፍ ያለ ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ምክንያት አለው። ከፍ ያለ መኪና ጉድጓድ አያስፈራውም፤ ክረምት ላይ ውሃ የተኛበትን መንገድ ያልፋል፤ ሾፌሩም ከፊቱ ያለውን ሰልፍ አሻግሮ ያያል። ከሁሉም በላይ ግን ልጆቹን ከኋላ ጭኖ የሚነዳ ሰው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ልቡ ያርፋል። ኤስዩቪ የሚባለው የመኪና ዓይነት ከአሜሪካ እስከ ቻይና ገበያውን የያዘበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ የልብ ማረፍ ነው።

ስሜቱና እውነቱ ግን ለብዙ ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል። ቁመት የኤስዩቪ መስህብ የመሆኑን ያህል መሐንዲሶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲታገሉት የቆዩት ጣጣም ነው። ዛሬ ሻጭ በኩራት ከሚዘረዝራቸው የደህንነት መሣሪያዎች በርከት ያሉት በሕግ የተደነገጉት ቁመቱ ያመጣውን ችግር ለማረም ጭምር ነው። እርማቱ መኪናው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው በአብዛኛው ተሳክቷል። ውጭ ላለው፣ በተለይ ለእግረኛው፣ ገና ነው። ልዩነቱ የሚገባን እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራና ለመሥራት ምን እንደሚፈልግ ስናይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመገልበጥ እንጀምር። አንድ መኪና ለመገልበጥ ያለው ዝንባሌ የሚለካው በቀላል ስሌት ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት እኩሌታ ይወሰድና የስበት ማዕከሉ ከመሬት ባለው ከፍታ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። አውቶሞቢል ዝቅና ሰፋ ያለ በመሆኑ ውጤቱ ጥሩ ነው። በጭነት መኪና ሻሲ ላይ የተሠሩት የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ኤስዩቪዎች ግን ጠበብና ረዘም ያሉ ነበሩ። ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ ሲጫንበት ደግሞ የስበት ማዕከሉ ይባስ ወደ ላይ ይወጣል።

ችግሩ በዓለም ፊት የፈነዳው በ2000 ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ፤ አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው የቤተሰብ ኤስዩቪ ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው የላይኛው ንጣፍ በፍጥነትና በሙቀት ተልጦ ይወጣል፤ መኪናው አቅጣጫውን ይስታል፤ ከዚያ ይገለበጣል። በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ሞቷል። ፎርድ ጥፋቱ የጎማው ነው አለ፤ ፋየርስቶን የመኪናው ነው አለ። ፎርድ ለዚያ ጎማ ያዘዘው የአየር ግፊት 26 ፒኤስአይ ብቻ መሆኑም አከራክሯል፤ ግፊቱ ያነሰ ጎማ ሲንከባለል እየተጣጠፈ ይሞቃልና። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። በክሩስኮታችን ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ የጎማ ምልክት ለምን እንደሚበራ የሚጠይቅ ሰው ካለ መነሻው ይህ ነው፤ የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያ በ2007 መገባደጃ በአሜሪካ በሁሉም አዲስ ቀላል መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል።

ታሪኩ ሩቅ ቢመስልም ከአዳማ አልፎ ወደ አዋሽና ወደ ሚሌ ሙቀት ለሚወርድ ቤተሰብ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለስላሳ እንዲሆን አየሩ የተቀነሰ ጎማ፣ ሰባት ሰውና ሻንጣ ጭኖ በዚያ ሙቀት 110 ሲሮጥ ኤክስፕሎረሮቹን የገለበጠው ሁኔታ አንድ በአንድ ይሟላል። ጎማ ሲገዙ ከጎኑ የተጻፉትን አራት አሃዞች ማንበብም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ጥርሱ ያልተበላ፣ ግን ዐሥር ዓመት መጋዘን ውስጥ የደረቀ ጎማ አዲስ አይባልም።

ለመገልበጥ ዋናው መድኃኒት ግን ከጎማው አልመጣም፤ ከፍሬኑ ነው የመጣው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከመርሴዲስ ጋር በ1978 ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስን፣ በ1995 ደግሞ ኢኤስሲ በሚል ምህጻር የምናውቀውን የመረጋጋት መቆጣጠሪያ በቅንጡ መኪና ላይ ገጠመ። ለተራው ቤተሰብ የደረሰው በአንድ ውርደት ምክንያት ነው። በ1997 የስዊድን የመኪና መጽሔት ጋዜጠኞች የመርሴዲስን አዲስ ትንሽ መኪና፣ ኤ-ክላስን፣ ድንገት መንገድ የገባ ታላቅ አጋዘን ለመሸሽ እንደሚደረገው ወደ ግራ ጠምዝዘው ወደ ቀኝ ሲመልሱት ተገለበጠ። መኪናው ኤስዩቪ አይደለም፤ ግን ለስፋቱ ረጅም ነበር። መርሴዲስ ማስረከቡን አቁሞ መኪናውን አስተካከለና መቆጣጠሪያውን በሁሉም ኤ-ክላስ ላይ በነጻ ገጠመ። ትንሹ ከገጠመ ትልቁ የማይገጥምበት ምክንያት አልቀረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሴንሰር መሪው ምን ያህል እንደዞረ ያነብባል፤ ይህ የሾፌሩ ፍላጎት ነው። ሌላው መኪናው ራሱ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ይለካል፤ ይህ በእርግጥ እየሆነ ያለው ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ያስተያያል። ሳይገናኙ ሲቀሩ ሾፌር በእግሩ ፈጽሞ ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል፤ ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ከሸሸ የውጭኛውን የፊት ጎማ፣ አፍንጫው አልታጠፍ ካለ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ። የሞተሩን ጉልበትም ይቀንሳል። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የሚያየው ለአፍታ ብልጭ ያለ ቢጫ መብራት ብቻ ነው።

ይህ ከመገልበጥ ጋር የሚገናኘው አብዛኛው መኪና በጠራ አስፋልት ላይ በመታጠፍ ብቻ ስለማይገለበጥ ነው። መጀመሪያ ጎኑን ሰጥቶ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ጎማው የመንገድ ጠርዝ፣ ልቅ አፈር ወይም ቦይ ያገኝና ይሰናከላል። መንሸራተቱን ያስቆመ መሰናከሉን ያስቀራል። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የሀይዌይ ደህንነት ተቋም ባደረገው ጥናት፣ መቆጣጠሪያው ኤስዩቪ ብቻውን ተገልብጦ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶታል። በመኪና ደህንነት ታሪክ እንዲህ ያለ ቁጥር ብርቅ ነው። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል፣ አውሮፓ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ አደረጉት። አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ኤስዩቪ ሲመርጥ አንድ መሣሪያ ብቻ መጠየቅ ቢፈቀድለት እኔ ይህንን አስጠይቀው ነበር፤ ከስክሪኑ ስፋት፣ ከጣሪያ መስኮቱ፣ ከስምንቱ ካሜራ ሁሉ በፊት።

ጣሪያውም ተጠናክሯል። የአሜሪካ ሕግ ቀድሞ ጣሪያው የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ከተሸከመ ይበቃዋል ይል ነበር፤ በ2009 የወጣው ደንብ ወደ ሦስት እጥፍ አሳደገው። ከመስኮቱ በላይ የሚወርደው የመጋረጃ ኤርባግም መኪናው ሲንከባለል እንዲያገለግል ተብሎ ለበርካታ ሰከንዶች ተነፍቶ ይቆያል።

ወደ ግጭቱ እንግባ። እዚህ ላይ በአገራችን ሥር የሰደደ አንድ እምነት ይጠብቀናል፤ «የድሮ መኪና ብረቱ ብረት ነበር» የሚለው። የዛሬው መኪና በትንሽ ግጭት ፊቱ እንደ ወረቀት ሲጨማደድ ያየ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሚጨማደደው ሆን ተብሎ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ግድግዳ ሲመታ የሚያጠፋው ጉልበት ከ10 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ብረቱ ካልተቀበለው የሰው አጥንት ይቀበለዋል። የመርሴዲሱ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ፊትና ኋላ ይጨማደድ፣ ሰው የሚቀመጥበት መሐል እንደ ሣጥን ይጽና። በ1959 በመርሴዲስ መኪና ላይ ተግባራዊ ሆነ።

የሁለቱን ዘመን ብረት ማወዳደር ለሚፈልግ ፈተናው ተደርጓል። ያው የኢንሹራንሶቹ ተቋም ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ2009፣ የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። አሮጌው ከባድና ግርማ ያለው መኪና የሾፌር ክፍሉ ተሰብስቦ ጠፋ፤ በመሪው ኋላ የነበረው የሙከራ አሻንጉሊት ሰው ቢሆን አይተርፍም ነበር። የአዲሱ ሾፌር እግሩን ቢጎዳ ነው።

የሙከራው ታሪክ ግን አምራቾች የተፈተኑትን ብቻ እንደሚያጠኑም ያሳያል። ተቋሙ በ2012 አዲስ ፈተና አመጣ። መኪናው በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የፊቱን ሩብ ብቻ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ከጠንካራ አጥር ጋር ይጋጫል፤ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ወይም ምሰሶ በጥጉ እንደመታ ማለት ነው። ብዙ ታዋቂ ኤስዩቪዎች ወደቁ፤ ቶዮታ ራቭ4ም ከእነርሱ አንዱ ነበር። አምራቾቹ ብረት ጨመሩ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ውጤታቸው አማረ። በ2016 ተቋሙ በሾፌሩ በኩል ጥሩ ውጤት ያገኙ ሰባት ትናንሽ ኤስዩቪዎችን ወስዶ ያንኑ ግጭት በቀኝ በኩል ደገመው። ጥሩ የሚል ውጤት የሚገባው የሃዩንዳይ ቱሳን ብቻ ሆነ። የ2015ቱ ራቭ4 በጣም ደካማ ከሚባሉት ተርታ ተመደበ፤ የተሳፋሪው በር በግጭቱ ተከፈተ። የተጨመረው ድጋፍ በአብዛኛው በሚፈተነው በግራው በኩል ነበር።

አገራችን መሪው በግራ በመሆኑ የዚህ ትርጉም ቀጥተኛ ነው፤ በዚያ ዘመን በተሠራው መኪና ከሾፌሩ ጎን የምትቀመጠው ሚስት ወይም እናት ከሾፌሩ ያነሰ ጥበቃ ሊኖራት ይችላል። በ2018 ይፋ የሆነው የራቭ4 ትውልድ መዋቅሩ አዲስ ነው። ሻጩ «አምስት ኮከብ አለው» ሲል ተከታዩ ጥያቄ «በስንት ዓመተ ምሕረት ፈተና?» መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የ2010 አምስት ኮከብና የዛሬው አምስት ኮከብ የተለያዩ ፈተናዎች ውጤት ናቸው።

መዋቅሩ አንዴ ከተጋጨ በኋላ የሚሆነውም መታየት አለበት። ሣጥኑን የሚያጸናው ብረት በተለየ መንገድ ግሎ የቀዘቀዘ እጅግ ጠንካራ ብረት ነው። ቦዲ ቤት ገብቶ በእሳት ሲመታና ሲቃና ያ ጥንካሬ ይሄዳል፤ ስቱኮና ቀለም ሲለብስ ግን ከአዲሱ አይለይም። ጥሩ ቦዲ ሠሪ ላሜራ ሲያስተካክል ማየት ደስ ይላል፤ ምሰሶ ሲያቃና ግን ባላይ እመርጣለሁ።

ብረቱ ሥራውን ሲሠራ ሰውየውን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ቀበቶ ነው። ሦስት ቦታ የሚይዘውን ቀበቶ ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 ለቮልቮ ሠራው። ሰውየው ቀደም ሲል በሳብ የአውሮፕላን ፋብሪካ አብራሪ ከነወንበሩ ተተኩሶ የሚወጣበትን መሣሪያ ይነድፍ ነበር፤ የሰው አካል ምን ያህል ኃይል፣ በየት በኩል እንደሚችል ያውቃል። ቮልቮ የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገ። ዘመናዊው ቀበቶ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ግጭት ሲጀምር ትንሽ ፈንጂ ቀበቶውን ወደ ኋላ ስቦ ሰውየውን ከወንበሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ቀጥሎ ኃይሉ ደረት ከሚችለው ሊያልፍ ሲል ቀበቶው ቀስ እያለ ይለቃል። ኤርባጉ በሺሕኛ ሰከንድ ሲቆጠር ከ30 እስከ 40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይነፋል፤ ግጭቱ በሙሉ ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ ብዙ አይረዝምም። ኤርባግ የሚነፋው ሰውየው ቀበቶ አስሯል፣ ከመሪውም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቋል በሚል ስሌት ነው። ፊት ወንበር ላይ ጭን ላይ ለተቀመጠ ሕፃን ያው መሣሪያ ገዳይ ይሆናል፤ ከኋላው የአዋቂ ክብደት ከፊቱ በሰዓት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ከረጢት።

የቤተሰብ መኪና በሚለው ስም ላይ ጥያቄ የሚያስነሳው ግኝት የኋላ ወንበርን ይመለከታል። ለዐሥርተ ዓመታት ትምህርቱ «ኋላ ይሻላል» ነበር። ለሕፃናትና ዕድሜያቸው ከ13 በታች ለሆኑ ልጆች አሁንም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ፊት ወንበር በተራቀቁ ቀበቶዎችና ኤርባጎች ሲሻሻል ኋላው በብዙ መኪኖች ላይ ባለበት ቀረ። ተቋሙ በ2022 ከኋላ የትንሽ ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ ቁመት ያለው አሻንጉሊት አስቀምጦ 15 ትናንሽ ኤስዩቪዎችን ሲፈትን ጥሩ ውጤት ያገኙት ፎርድ ኢስኬፕና ቮልቮ ኤክስሲ40 ብቻ ናቸው። ዘጠኙ ወደቁ። ራቭ4 መካከለኛ ላይ ቆመ። አሻንጉሊቷ ከቀበቶው ሥር ተንሸራታ የጭኑ ማሰሪያ ወደ ሆዷ ይወጣል፤ ወይም ቀበቶው ደረቷን ያለ ምሕረት ይጫናል። ሻጮች የኋላ ወንበርን ሲያሳዩ የእግር መዘርጊያውንና የስልክ ቻርጀሩን ያሳያሉ። የኋላ ቀበቶው ቀድሞ የሚወጥር መሆኑን የሚጠይቅ ገዢ ገና አላጋጠመኝም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የኋላ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ሥር ተጠቅጥቆ ነው የሚገኘው። ኋላ ሳያስር የተቀመጠ አዋቂ በግጭት ጊዜ የሚያርፈው በፊት ወንበር ጀርባ፣ ማለትም በሾፌሩ ላይ ነው። በወንበሩና በመደገፊያው መጋጠሚያ ውስጥ በጣት ቢፈለጉ የሚገኙ ሁለት የብረት ቀለበቶችም አሉ፤ አይሶፊክስ ይባላሉ። የልጅ ወንበር በእነርሱ ላይ ቀጭ ብሎ ይገባል። አገር ቤት ካሉ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ ቀለበቶቹ እያሏቸው ማንም ሳይነካቸው ያረጃሉ። 

ኤርባግን ሳናልፍ ታካታን መጥቀስ ግድ ይላል። የጃፓኑ ኩባንያ ከረጢቱን ለሚነፋው ፈንጂ አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ኬሚካሉ ለዓመታት እርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ሲፈራረቅበት ይበላሻል፤ ሲፈነዳ ከሚገባው በላይ ይፈነዳና የብረት ጎጆውን ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይረጫል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎች እንዲለወጡ ታዘዘ፤ ኩባንያው በ2017 ከሰረ። ከተጠሩት መካከል የ2004ና የ2005 ራቭ4፣ እንዲሁም አዲስ አበባን የሞሉት የኮሮላና የያሪስ ዘመዶች ይገኙበታል። አሜሪካ ያለ ወገን በመኪናው 17 ፊደልና ቁጥር መለያ በመንግሥት ድረ ገጽ አረጋግጦ በነጻ ያስለውጣል። እዚህ ያለው ባለመኪና መለያውን ወስዶ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ይኖርበታል።

እስከዚህ ያየነው ሁሉ ግጭት ሲመጣ ወይም ሊመጣ ሲል የሚነሣ ነው። የመጨረሻው ትውልድ መሣሪያ ግን መንገዱን ራሱ ያያል። ከፊት መስታወቱ ኋላ ካሜራ፣ ከአርማው ወይም ከፓራውልቱ ኋላ ራዳር ተቀምጦ ከፊት ያለውን ነገር ርቀትና ፍጥነት ይለካል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው ስልኩን ለአንድ ሰከንድ ተኩል ቢመለከት 25 ሜትር በጭፍን ይሄዳል። ራስ ሰር ፍሬን በዚያች ሰከንድ ውስጥ መጀመሪያ ይጮኻል፣ መልስ ሲያጣ ራሱ ይይዛል። የፊተኛውን መኪና ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል ቀንሷል። አውሮፓ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። አሜሪካ በዚያው ዓመት ባወጣችው ደንብ ለ2029 ቀጠሮ ይዛ፣ በጨለማም እግረኛን ለይቶ እንዲቆም ጠይቃለች።

«በጨለማም» የምትለዋ ነገር በከንቱ አልገባችም። በ2022 የወጣ የተቋሙ ጥናት እግረኛን የሚለየው ፍሬን እግረኛ የመግጨት አደጋን በሩብ ገደማ እንደቀነሰ፣ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ልዩነት እንዳላመጣ አሳየ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። የሚያብረቀርቅ ሰቅ ያለበት ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት መንገድ ሲሻገር ሆንዳ ሲአር-ቪና ማዝዳ ሲኤክስ-5 በአብዛኛው ሙከራ ገጩት፤ የሱባሩ ፎረስተር ግን በአብዛኛው ሳይገጨው ቆመ። ለሰው ዓይን እንዲታይ ተብሎ የተሠራው ሰቅ የአንዳንዱን ካሜራ የሰው ቅርጽ ግንዛቤ ያዛባል። ሌሊት መንገድ የሚጠርጉ እናቶችና ትራፊክ ፖሊሶች የሚለብሱት ይህንኑ ነው።

የእኛ መንገድ ለእነዚህ ዓይኖች የሚያቀርበው ፈተና ከዚያም ይሰፋል። ሌይን ጠባቂው ቀለም ይፈልጋል፤ በአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወጥቶ መስመሩ በጠፋ መንገድ ላይ ምን ይዞ ይጠብቅ? ራስ ሰር ፍሬኑ የተማረው መኪና፣ ሰው፣ ብስክሌት ነው። መብራት ሳይኖረው መሐል አስፋልት ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ፣ ለምልክት ተብሎ ከኋላው የተደረደረ ድንጋይ፣ ጭነት የያዘ ጋሪ፣ ከዛፍ ጥላ የሚወጣ በግ ሥርዓቱ ሲሠራ በቂ ቦታ አልተሰጣቸውም። ከፍ ባለ የጭነት መኪና ሥር የሚገባ ኤስዩቪ ደግሞ የሚጨማደደው ፊቱ ሥራ ሳይጀምር መስታወቱ ጭነቱን ያገኛል።

ጥገናውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካሜራው ከመስታወቱ ጋር በጥቂት ዲግሪ ክፍልፋይ ልክ ተስተካክሎ ነው የተቀመጠው። መስታወቱ በጠጠር ተሰንጥቆ ሲቀየር ወይም ፓራውልቱ ተጠግኖ ሲመለስ እንደገና መለካት አለበት። ካልተለካ መኪናው ያያል፤ ግን የሚያየው ነገር ያለበትን ቦታ ይስታል። ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ወይም ሊይዝ ሲገባው ዝም ይላል። በመጀመሪያው የተማረረ ባለቤት መሣሪያውን ያጠፋዋል።

ከመኪናው ውጭ ወዳለው ሰው እንመለስ። ቁመት እዚህ ላይ ማንም ያላረመው ዕዳ ሆኖ ይታያል። ተቋሙ በ2023 ባወጣው ጥናት የኮፈናቸው ከፍታ ከአንድ ሜትር ያለፈ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለው ይልቅ እግረኛን ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ከፍ ይላል። ዝቅ ያለ መኪና እግር መትቶ ሰውየውን ኮፈኑ ላይ ይጥለዋል። ከፍ ያለው ደረትና ጭንቅላት መትቶ ወደ ፊት ይጥለዋል፤ ከዚያ ይሄድበታል። ለልጅ ደግሞ የተራው ኤስዩቪ ኮፈን እንኳ የጭንቅላት ቁመት ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ ነገሩ ከየትኛውም ኮከብ በላይ ይመዝናል።

የኋላ ካሜራ ግዴታ የሆነው ከዚሁ ዕዳ ነው። በ2002 ኒው ዮርክ አካባቢ የሚኖር አባት ኤስዩቪውን ወደ ኋላ ሲያስኬድ የሁለት ዓመት ልጁን ሳያየው ገደለው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 በልጁ ስም የተሰየመ ሕግ አወጣ፤ ካሜራው በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ እስኪሆን ግን 2018 ደረሰ። ዛሬ ርካሹም መኪና አለው። መነጽሩ ላይ የተጋገረ ጭቃ ግን የዐሥር ዓመቱን ትግል ከንቱ ያደርገዋል፤ ክረምት ላይ ሞተር ከማስነሣት በፊት በጣት መጥረግ ነው።

የዛሬው የአዲስ አበባ ገዢ ምርጫ ተለውጧል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለበት ከ2024 ወዲህ የቤተሰብ ኤስዩቪ ማለት በብዛት ለቻይና ገበያ የተሠራ ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል፤ ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ.4 እና አይዲ.6፣ የቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ። የቁመት ጥያቄ በእነዚህ ላይ መልኩን ይቀይራል። ባትሪው ወለሉ ሥር በመሆኑ የስበት ማዕከሉ ወርዷል፤ መገልበጡ ይበልጥ ርቋል። በምትኩ አይዲ.4 ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከቪትዝ ጋር ሲጋጭ ልዩነቱን የሚከፍለው የቪትዙ ቤተሰብ ነው። ኮፈኑ ደግሞ ያው ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ሻጩን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አይዲ.4 በ2021 ዩሮ ኤንካፕ በተባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት ፈተና አምስት ኮከብ አግኝቷል፤ የተፈተነው ግን ለአውሮፓ የተሠራው ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና ለተለያየ ገበያ የተለያየ የኤርባግ ብዛትና ሴንሰር ሊኖረው ይችላል፤ በዚያው ገበያ ውስጥም ርካሹና ውዱ ደረጃ አይመሳሰሉም። ስለዚህ የሚቆጠረው በሞዴሉ ስም ሳይሆን በቆመው መኪና ላይ ነው። ኤርባግ ያለበት ቦታ ሁሉ፣ የወንበሩ ጎንና የጣሪያው ምሰሶ ጭምር፣ ጽሑፍ አለው። ቁልፉ ሲከፈት ቀዩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ገመዱን ነክቶታል። ከኋላ ወንበር ያለው ቀበቶ በድንገት ሲሳብ መያዝ አለበት። ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ቋንቋው የሚቀየር መሆኑን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማየት ነው፤ ሾፌሩ ያልገባውን ድምፅ በሁለተኛው ሳምንት ያጠፋዋልና።